በራሳቸው እህል

መሰላ ገበያ ዱቄት ይዤ በወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን ሰልፍ ተሰለፈልኝ። ከጭሮ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ የመጡትን አራት ካርቶኖች አውርጄ ጠረጴዛዬን እንኳ ሳላስተካክል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው አንዷ ከአንዷ ኋላ ቆሙ። ነጭ ጋውኔን ለብሻለሁ፤ ፀጉሬን በኮፍያ ሸፍኛለሁ፤ ጓንት አጥልቄያለሁ። የሕፃን ምግብ የሚሸጥ ሰው ንጹሕ ሆኖ መታየት አለበት ብዬ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ያህል ቶሎ?» አልኩ በልቤ።

ከፊት የነበረችው ወጣት እናት ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፤ የግራ እጅጌውን ሰብስባ ቀጭን ክንዱን ዘረጋችልኝ። በሌላ እጇ የክትባት ካርድ ይዛለች።

«ዛሬ የምለካው የለም የኔ እናት» አልኳት። «ዱቄት ነው። የሕፃን ገንፎ። ይሸጣል።»

ዋጋውን ነገርኳት። ካርዱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ዞር ብላ ለኋለኛዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ መጨረሻ ላይ ከቆመችው ዘንድ ደረሰ፤ ሰልፉም ተበተነ። የጮኸ የለም፣ የተሳደበ የለም። ከሰዓት በኋላ አራቱንም ካርቶን መልሼ አስጫንኩ።

እኔ ነርስ ነኝ። ሀገሬ ሆሳዕና ነው። ምዕራብ ሐረርጌ የመጣሁት ተመድቤ ነው፣ ለሁለት ዓመት ብዬ። ያ ሁለት ዓመት ስንት ጊዜ እንደታደሰ የምትቆጥረው እናቴ ናት። መጀመሪያ በመሰላ በኩል ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ሠራሁ፤ ቀጥሎ ጭሮ ተዛወርኩ። የሕፃናትን ክንድ የምንለካበት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ አለን። ክንዱ ቀዩ ላይ ያረፈ ሕፃን የሕክምና ምግብ ይሰጠዋል። አረንጓዴው ላይ ያረፈ ደህና ነው፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቢጫው ላይ ላለው ግን በእጄ የነበረው ምክር ብቻ ነው፦ እህሉን ከጥራጥሬ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ቆልታችሁ፣ አስፈጭታችሁ ገንፎ ሥሩለት። ይሄንን ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። እናቶቹ አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል፤ ልጁ በሚቀጥለው ወር ያው ቢጫ ላይ ነው።

አንዷ ግን አልነቀነቀችም።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «ማሽላ አለኝ። ቦሎቄም አላጣም። ጠዋት ጫት ለቅሜ ገበያ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ውኃ እቀዳለሁ። መቼ ልልቀመው? በየትኛው እንጨት ልቁላው? ባለ ወፍጮውስ ለሁለት ጣሳ ብሎ ማሽን ያስነሳልኛል?»

ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አላነበብኩም። የእሷ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። የምክር ሥራ ይበቃኛል ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ለነገሩ ዓመት ሙሉ ተዘጋጀሁበት፤ ሳልጠነቅቅ የምነካው ነገር የለኝም። አንድ የክርስቲያን የልማት ድርጅት ወፍጮ ገዛልን፤ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይና ደሞዝ ቻለልን። ከመንግሥት ሥራ ለቀቅሁ። እናቴ በስልክ፣ «ልጅሽ ሲስተርነቷን ጥላ ዱቄት ነጋዴ ሆነች ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «እውነት ነው በያቸው እማዬ» አልኳት።

ጭሮ ላይ አምስት ሴቶች ሆነው ሥራውን ጀመሩ፤ ሁለቱ ከጸሎት ቤታችን፣ ሦስቱ የሰፈራችን ሙስሊሞች። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት መናኸሪያው በር ላይ ለውዝ እየቆሉ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሁላችንም አዮ ነው የምንላቸው፣ እናቴ እንደማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላቸው ሳቁብኝ። «አቦ፣ አንቺ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ቀበሌ የጠራኝ ይመስለኛል» አሉኝ። አንደበቴ እሺ አላለኝም፤ እስከ ዛሬም እርስዎ እላቸዋለሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ እርዳታው እንደሚያበቃ ከመጀመሪያው ነግሬያቸዋለሁ። በዚህ በአዲስ አበባና በሐረር መንገድ ዳርና ዳር ስንት ሰሌዳ አይቻለሁ! ፕሮጀክቱ ሄዶ ቀለሙ የተላጠ ሰሌዳ ብቻ የቀረበት፣ በሩ ላይ ሣር የበቀለበት ቤት። የኛ ቤት በሚሸጠው ነገር ይኖራል፣ ካልሆነ አይከፈት ብዬ ነው የተነሣሁት። አሳቡ ቀላል ነበር። የጭሮ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ዱቄቱን በደህና ዋጋ ይገዛሉ፤ ከእሱ የሚተርፈው ለገጠር እናቶች ዋጋውን ዝቅ ያደርግልናል። ከተማው ገዛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የከተማው ገበያ ብቻውን ወፍጮውን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚያሠራው። በሁለት ቀን ሥራ ኪራይ አይከፈልም፣ አምስት ሰው አይተዳደርም። መሰላ ካልገዛ፣ ልጆቹ ይቅሩና ቤቱም አይቆምም።

መሰላም አልገዛም። በሁለተኛው ገበያ ሰልፍ እንኳ አልነበረም። በሦስተኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ልኮ አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ዱቄቱ ከየትኛው መጋዘን ነው የወጣው?»

የንግድ ፈቃዴን፣ የማሽላውን ደረሰኝ፣ የጤና ምርመራ ወረቀቴን፣ ሁሉንም በፕላስቲክ ክላሰር አድርጌ ይዣለሁ። አንድ በአንድ አገላበጠው።

«እኔ አምኜሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ገበያው ግን አያምንሽም። ሲስተር የእርዳታ እህል ትሸጣለች ነው የሚባለው።»

ሻዩን ሳልቀምስ ተነሣሁ። እኔ የሰው ሳንቲም ወድቆ ባገኝ ባለቤቱን ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። በመንገድ ሙሉ፣ «ጌታ ሆይ፣ ስሜን አጥራልኝ» እያልኩ ጸለይኩ። ጭሮ ስንገባ ነው የገባኝ፤ ከመሰላ ጀምሮ ስለ ስሜ ስጸልይ ስለ አንድም ሕፃን አልጸለይኩም።

በዚያው ሳምንት ሥራችንን የሚከታተለው የድርጅቱ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አዳምጦ ሲጨርስ ድምፁ ቀለል ያለ ነበር።

«እህቴ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ? ያለውን ዱቄት በነፃ አድዪላቸው። ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ለሁለተኛ ዓመት በጀት አስፈቅድልሻለሁ።»

«ከሁለተኛው ዓመት በኋላስ?»

«ያን ጊዜ ጌታ ያውቃል።»

ጌታ እንደሚያውቅ እኔም አምናለሁ። የቸገረኝ እኛ የምናውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። አስቤ እነግርሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ነገሩን ለሴቶቹ አልደበቅሁም። ወፍጮው ቆሞ ስለነበር በጸጥታ ነው የተነጋገርነው። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድገው፣ ቀድማ ተናገረች።

«አንቺ ዲፕሎማ አለሽ ሲስተር። ነገ ጤና ጣቢያ ትመለሻለሽ። እኔ የት ነው የምመለሰው? ይስጡን፣ እንቀበል።»

«ነገ የተሰጠውን ዱቄት ከነገ ወዲያ ማን ይገዛዋል?» አልኳት።

«አሁንስ ማን ገዛው?»

ሌላዋ ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ አፏን ያዘች። ልጅቷ ልክ ነበረች። ሦስት የመሰላ ገበያ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። በሦስቱ ካልሆነ ራሴ አዲስ አበባ ደውዬ በነፃ እናድላለን እላለሁ፤ ደሞዛቸውም ይቀጥላል። «እሺ፣ ሦስት» አለች፤ ጣቷን ዘርግታ ቆጠረችልኝ፣ እንዳልረሳ።

ሌሎቹ ሲወጡ አዮ ቀሩ።

«ልንገርሽ? አትቆጪም?»

«አልቆጣም።»

«ትቆጫለሽ፤ ግን ልንገርሽ። ያ ነጭ ልብስ ነው። ጋውን የለበሰ ሰው እኛ ሀገር ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ከሸጠ ደግሞ ሊሰጥ የተላከውን ነው የሚሸጠው። አንቺን ሲያዩ እጃቸው ወደ ገንዘባቸው አይሄድም፤ የልጃቸውን ክንድ ነው የሚዘረጉልሽ።»

«ለንጽሕና ብዬ እኮ ነው!»

«ንጽሕናሽን ማን ጠየቀሽ? ይኸው ተቆጣሽ። ከረጢቱን በካውያ አሽገሽዋል። ውስጡ የማን እህል እንዳለ በምን ይወቁ? ማን ያላየውን እህል ለልጁ ያበላል? በይ ነይ፣ መጀመሪያ መሰላ ወፍጮ ቤት ወስጄ ላቁምሽ።»

ከሦስቱ ገበያ አንዱን ለዚህ አዋልኩት። ጋውኔን ቤት ትቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ነጠላ ለብሼ ከአዮ ጋር ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆምኩ። ቤቱ በዱቄት ብናኝ ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ በተራ ቁጭ ብለዋል፤ አንዳቸውም ግን ማዳበሪያቸውን ለብቻው አይተዉም፣ ወይ ጉልበታቸውን ወይ ክንዳቸውን ጣል አድርገውበታል። ተራዋ የደረሰ እህሏን ራሷ ትገለብጣለች፤ ሮጣ ዱቄቱ የሚወርድበት የጨርቅ እጅጌ ሥር መዳፏን ትዘረጋለች፣ ትቀምሳለች። አንዷ ቀምሳ ጮኸች።

«የማን በቆሎ ነው ይሄ? የኔ ማሽላ ነው!»

ባለ ወፍጮው ማሽኑን ሳያጠፋ፣ «አንቺ እንኳን ማሽላሽን፣ ባልሽን ከሌላ ሴት ባል ትለይዋለሽ?» አላት።

«ባሌን ከፈለግህ ቀላቅለው! ማሽላዬን አትንካብኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለ ወፍጮው ራሱ እየሳቀ እጅጌውን በዱላ መትቶ የቀደመችውን ሴት ትርፍራፊ አራገፈ፤ ሴትየዋ እንደገና ቀምሳ ማዳበሪያዋን ከእጅጌው ሥር አስጠጋች።

እዚያው እንደቆምኩ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ስሕተት ታየኝ። እነዚህ ሴቶች እህላቸውን ከየትኛው የማሳ ጥግ እንዳጨዱት ያውቁታል። እኔ ያንን እህል ከመጋዘን ገዝቼ፣ ጭሮ ወስጄ፣ በሬን ዘግቼ ፈጭቼ፣ አሽጌ፣ የማያውቁት ነገር አድርጌ መለስኩላቸው። ያቺ የጤና ጣቢያዋ እናት ዱቄት ሽጪልኝ አላለችኝም። ማሽላ አለኝ ነው ያለችኝ። የጎደላት መልቀሚያ ጊዜ፣ መቁያ እሳትና ለሁለት ጣሳ የሚነሣ ወፍጮ ነው።

ባለ ወፍጮውን አነጋገርነው። ከሰዓት በኋላ ወንዱ ሁሉ በርጫ ላይ ነው፣ ገበያው ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ ማሽኑም ያንቀላፋል። ያንን ሰዓት ለኛ እንዲያከራየን ተስማማን። ከጎኑ በቆርቆሮ የተሸፈነች ጥላ ተከራየን። አዮ ግማሽ በርሜል አግድም አሰንጥቀው እጀታ አስበየዱና እንደ ለውዝ መቁያቸው፣ ግን ሦስት እጥፍ የሚሆን መቁያ አሠሩ። ዋጋችንን በብር ብቻ እንዳናደርገው ያሉትም እሳቸው ናቸው፦ «ጥሬ ገንዘብ ባሏ ኪስ ነው ያለው። ማሽላው ግን በእሷ እጅ ነው። በማሽላ ትክፈል።» ትንሽ ጣሳ ቆርጠን አዘጋጀን፤ ብር ያላት በብር፣ የሌላት ከእህሏ በዚያች ጣሳ ልክ ትተውልናለች። የተዉልንን ጭሮ ወስደን ለከተማው ገበያ እንፈጨዋለን። ከመጋዘን መግዛት ቀረልን፤ ጭሮ ያለው ወፍጮም የሚፈጨው አገኘ።

ከተሰጡን ሦስት ገበያዎች በሁለተኛው፣ ከሰዓት እሳታችንን አንድደን ተቀመጥን። አዮ በኦሮምኛ እየተጣሩ ገበያውን ሰበሰቡት፤ ሴቶቹ ከሩቅ ቆመው ያያሉ እንጂ አይጠጉም። እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቦሎቄ እለቅማለሁ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ወጣት የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ መጣች። አወቅኋት፤ በመጀመሪያው ቀን የልጇን ክንድ የዘረጋችልኝ ናት። በቋጠሮው አንድ ጣሳ ማሽላና ጥቂት ቦሎቄ አለ። ከነጋዴ ጋር እንደምትነጋገር ሳይሆን ልትፈትነን እንደመጣች ከአመጣጧ ያስታውቃል።

ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ያቺ ሲስተር አይደለችም?» አለች ለአዮ።

«እሷ ናት። ዛሬ ቦሎቄ ለቃሚ ናት» አሉ አዮ። «ቀስ ብላ ነው የምትለቅመው፣ ታገሻት።»

ወጣቷ ሳቀች። ቦሎቄው ሲታጠብ አልተንቀሳቀሰችም፤ መቁያው ላይ ሲፈስ ማማሰያውን ከአዮ እጅ ተቀብላ ራሷ ቆላች። ወፍጮው ላይ እጅጌው ተራግፎ ባዶ መሆኑን አየች፤ የራሷ ዱቄት ሲወርድ ቀመሰች። ምላሷን አፏ ውስጥ አዟዟረችው። ሳታስፈጭ ካስቀረችው ማሽላ ትንሿን ጣሳ ሞልታ ትታልን ሄደች። በቀኑ ያገኘነው ያ ብቻ ነው።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ያቺ ሦስት የቆጠረችልኝ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንድ ጣሳ ማሽላ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። «አንድ ቀረሽ» አለችኝ። በክፋት አላለችውም፤ ልጆች አሏት።

ሦስተኛው ገበያ እስኪደርስ ጾምኩ። ስለ ስሜ አልጸለይኩም።

በሦስተኛው ገበያ የቆርቆሮ ጥላችን ሥር ስንደርስ ያቺ ወጣት እናት ቀድማን ተቀምጣለች። ልጇን ታቅፋለች፤ አማቷንና አራት ጎረቤቶቿን አስከትላለች፤ ሁሉም ማዳበሪያቸው ላይ ጉልበታቸውን ጣል አድርገዋል። አማቲቱ፣ «ልጁ ገንፎውን በላ። ማንኪያውን ቀማን እኮ! እስቲ የት ነው የሚቆላው?» አሉ። ሌሎች መጡ። ከሰዓት ሙሉ መቁያው አልበረደም፤ ባለ ወፍጮው በርጫዬ ቀረብኝ ብሎ እስኪያማርር ድረስ አስፈጨን። እኔ ስለ ምግብ ዓይነት የማስተምረውን ሁሉ ውጬ ተቀመጥኩ። ትልቅ ጣሳና ትንሽ ጣሳ ጎን ለጎን አግዳሚው ላይ አስቀመጥን፤ በትልቁ አራት ጊዜ ማሽላ፣ በትንሹ ሁለት ጊዜ ቦሎቄ። አንዷ ስትሰፍር ሌላዋ እያየች ትሰፍራለች፤ የረሳችውን ጎረቤቷ ትገሥጻታለች።

ወደ አዲስ አበባ የደወልኩት በማግስቱ ነው። የድርጅቱን ወንድም አመሰገንኩትና ሁለተኛ ዓመት እንዳያስፈቅድልን ነገርኩት።

«እርግጠኛ ነሽ እህቴ? በጀት ሲያመልጥ ተመልሶ አይገኝም።»

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት፣ መዋሸት ስለማልችል። «ግን አይሁን።»

ከባድ ወራት ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ የመሰላ መንገድ ተበላሽቶ ሁለት ገበያ አመለጠን፤ እህል ሲያልቅ ደግሞ ጥላችን ሥር ዝንብ ብቻ ሆነ። በአንድ ወር፣ እርዳታው ሲያልቅ ለሚመጣው ኪራይ እናስቀምጥ ብለን፣ ሁላችንም ደሞዛችንን ከግማሽ በታች ወሰድን። ያቺ ሦስት የቆጠረችልኝ ልጅ ተቆጥታ ሁለት ቀን ቀረች፤ በሦስተኛው ቀን መጥታ ቦሎቄ ትለቅም ጀመር፣ እኔም አልጠየቅኋት። አንድ ያልፈታነው ነገርም አለ። ማሽላም ቦሎቄም የሌላት እናትስ? ይሄንን ለሴቶቹ ሳነሣ አዮ አላስጨረሱኝም። «የጎደለባትን ሴት ገበያው ያውቃታል። ለአላህ ብለን የምናደርገውን እኛው እናደርጋለን፣ አንቺም ለጌታሽ ብለሽ አድርጊ። ሰልፍ ግን አናሰልፋትም።» ከትርፋችን የሚወጣ እህል አለ፤ ማን ቤት እንደሚደርስ እኔ እንኳ ሁሉን አላውቅም። ለሁሉም እንደማይደርስ ግን አውቃለሁ። ይሄ በልቤ ይመላለሳል፣ በጸሎቴም።

የእርዳታው ዓመት ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው መሰላ ገበያ ላይ አዮ አሟቸው ቀርተው ነበርና ዋጋ የምቀበለው እኔ ሆንኩ። እንጨት ስለተወደደ የመቁያውን ዋጋ ትንሽ ጨምረናል። አንዲት ጠይም፣ ቁመተ ረጅም ሴት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ እህሏን አስቆልታ ዋጋውን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ባለፈው በዚህ አልነበረም!»

«እንጨት ተወዷል እናቴ።»

«እንጨቱን እኔ ነኝ ያስወደድኩት? አቦ፣ እናንተ ነጋዴዎች አላህን አትፈሩም!»

«እፈራለሁ» አልኳት። «ዋጋው ግን ይሄው ነው።»

«ትንሽ ቀንሺልኝ እንግዲህ። ደንበኛሽ ነኝ።»

በዚህ ሀገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ማንም በዋጋ ተከራክሮኝ አያውቅም። ሰዎች ክንድ ዘርግተውልኛል፣ ካርድ አሳይተውኛል፣ መርቀውኛል። የሰጠሁትን ተቀብለዋል፣ የሌለኝን ሳልሰጣቸው ዝም ብለው ሄደዋል። ይቺ ሴት ግን ዓይኔን እያየች፣ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር እንደምትከራከረው ተከራከረችኝ። ከኋላዋ ያሉት ደግፈዋት ጮኹብኝ ወይም ደግፈውኝ ጮኹባት፣ አልለየሁትም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነበር የሚናገሩት። ያቺ ሦስት ገበያ የቆጠረችልኝ ልጅ ከመቁያው ጎን ሆና ምን እንደማደርግ ታየኛለች።

አልቀነስኩላትም። ሴትየዋ እያጉረመረመች ትንሿን ጣሳ ከእህሏ ሞላች፤ ትርፍ እንዳይሆን በመዳፏ ጠርጋ አስተካከለችው፤ ሰጠችኝና ማዳበሪያዋን አንሥታ ወደ ወፍጮው ሄደች።